ነፋስ የማይገባበት አዳራሽ

በዚያ አዳራሽ መስኮት አይከፈትም። ሙቀቱ ሰው ቢያፍን፣ ላብ በጀርባ ቢንቆረቆር፣ መስኮት መክፈት ክልክል ነው። ጠረጴዛው ላይ የሚዘረጋው ሐር ስስ ነው። ትንሽ ነፋስ ሲነካው ጠርዙ ብድግ ይላል፣ አንዱ እጥፋት በሌላው ላይ ይወጣል፤ እንደዚያ ተደራርቦ የታጠፈ ፓራሹት ሰማይ ላይ ምን እንደሚሆን ደግሞ ማንም ማየት አይፈልግም። ስለዚህ እዚያ የሚሠሩት ሴቶች ነፋስን እንደ ሌባ ነበር የሚጠብቁት። በሩን በርግዶ የሚገባ ሰው፣ የትኛውም መኮንን ይሁን፣ "በሩን!" ተብሎ ከየጠረጴዛው ይጮህበታል። ለአለቃ መጮህ የተፈቀደላቸው በዚህ አንድ ነገር ብቻ ስለነበር ደስ እያላቸው ይጮኹ ነበር።

ከሁሉም ቀድማ የምትጮኸው እትዬ ረጋ ናት። ስሟ እንኳ ሌላ ነው። አዲስ ገቢውን ሁሉ "ረጋ በይ፣ ረጋ" ስትል ኖራ ቃሉ ራሷ ላይ ተለጥፎ ቀረ። አጠር ያለች፣ መዳፏ ሰፊ፣ ጥፍሯን በየጠዋቱ የምትከረክም ሴት ነበረች፤ ሻካራ ጥፍር ሐር ይመዛልና። ቀለበትም በጣት ማድረግ አይፈቀድም። የጋብቻ ቀለበቷን በክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ኖረች፤ ባሏ በኩላሊት ሕመም ሲሞትባትም እዚያው ተወችው።

የሥራው ደንብ ቀላል ነው፣ ግን ቀልድ አያውቅም። በየጠረጴዛው ሁለት ሴቶች ይቆማሉ። አንዷ የሐሩን አናት ትይዛለች፣ ሌላዋ ገመዶቹን ትለያለች። ገመዱ ከተለየበት ጊዜ አንሥቶ ከረጢቱ እስኪዘጋ ድረስ ማንም ቃል አይተነፍስም። የእትዬ ረጋ የጠረጴዛ ጓደኛ፣ ሳቂታ የሚሏት ወፍራም ሴትዮ፣ በዚህ ደንብ እስክትሞት ትሰቃይ ነበር። ወሬው ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ይተናነቃታል፤ ከረጢቱ ሲዘጋ ልክ ካቆመችበት ቃል ላይ ትቀጥላለች።

ሌላም ደንብ አለ። አዲስ የገባች አጣፊ፣ ሥራዋን ለመደች ሲባል፣ ራሷ ባጠፈችው ፓራሹት አንድ ጊዜ ትዘላለች። እምቢ ካለች ሌላ ሥራ ትፈልግ። እትዬ ረጋ ገና ሳታገባ ዘላለች። ዐይኗን ጨፍና ነበር ከአውሮፕላኑ የወጣችው፤ ፓራሹቱ ትከሻዋን ነጥቆ ሲይዛት ዐይኗን ገለጠች። ከበላይዋ ትናንት በእጇ ያጠፈችው ጨርቅ ሞልቶ፣ ወጥሮ፣ ብርሃን እያሳለፈ ቆሟል። መሬት ስትደርስ አሠልጣኙን "ጥሩ ነው፤ ሁለተኛ ግን አታገኙኝም" አለችው። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው ላይ የምታየው ጨርቅ አይደለም። ሁልጊዜ ከሥሩ ሰው አለ፤ ሲመለስ የሚጠብቀው ያለው ሰው። እያንዳንዱን የምታጥፈው ያን ሰው እያሰበች ነበር፣ ለዚህም ነው ቀርፋፋ የነበረችው።

አንድ ልጅ ነበራት። ጓደኞቹ ላባ ነበር የሚሉት፤ ቀጭን ነዋ፣ ያውም ከመጠን በላይ። አየር ወለድ ልሆን ነው ሲላት ሙሉ ሳምንት ተኮራረፉ። በመጨረሻ እራት እየበሉ፣

"እማዬ፣ አንቺ ያጠፍሽው እያለ እኔ ምን እሆናለሁ?" አላት።

 ሥራዬን እጠራጠራለሁ ካላለች በቀር ምን ልትል ትችላለች? ልጁ አፏን በገዛ እጇ ሥራ ዘጋባት። "ብላ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል" አለችው።

በሥልጠናው ጊዜ መቼም ሳቅ አይጠፋም ነበር። ሁሉም አንድ ላይ ይዘላሉ፣ ሁሉም ሜዳው ላይ ያርፋሉ፣ ላባ ግን የለም። ክብደት ስለሌለው ነፋሱ ይዞት ይሄዳል። አንድ ጊዜ የሰው ሽንኩርት ማሳ መሀል ወርዶ፣ ባለማሳው የተረገጠውን መደብ መልሶ እስኪያስተካክል ድረስ አልለቅም ብሎት፣ ሲመሽ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ቤት መጣ። እናቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "እንግዲህ ኪስህ ውስጥ ድንጋይ እየጨመርክ ዝለል" አለችው። በነጋታውም ለሳቂታ ነግራት አዳራሹ በሙሉ ሳቀ።

አንድ ልማድም አመጣ። ሰማይ ላይ የማንም ፓራሹት ሲከፈት፣ "የእናቴ እጅ ነው!" ብሎ ይጮኻል። የራሱም ይሁን የሌላ ሰው ግድ የለውም። ጓደኞቹ "ሁሉንም እናትህ ናት እንዴ ያጠፈችው?" ሲሉት፣ "በደንብ ከተከፈተ አዎ" ይላል። ይህን የሰማች ሳቂታ ተቆጣች። "እኛስ? እኛ በእግራችን ነው የምናጥፈው?"

ጦርነቱ ሲጀመር አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ቀነሰ፣ ሥራ በዛ። መደርደሪያዎቹ እስከ ጣሪያ ሞሉ። ምን እንደታሰበ በይፋ የነገራቸው የለም፤ ግን የአዳራሹ ኃላፊ፣ በቀድሞ ጦርነት ዘሎ ጉልበቱን የሰበረ ሃምሳ አለቃ፣ በሻይ ሰዓት ትንሽ ትንሽ ያወራል። ትልቁ ወንዝ ላይ ድልድይ አለ። ልጆቹ ከጠላት ጀርባ ወርደው ድልድዩን ይይዛሉ። ታንኮቹ በመንገድ መጥተው ይገናኟቸዋል።

"ታንኮቹ ካልመጡስ?" አለች እትዬ ረጋ።

ሃምሳ አለቃው ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ።

"አየር ወለድ መውረድ ያውቃል" አላት። "ከወረደ በኋላ ያለው ግን በእጁ አይደለም። የያዘው በጀርባው የተሸከመውን ነው። ጥይቱም፣ ምግቡም፣ ውሃውም እሱ ነው። ያ እስኪያልቅ አንበሳ ነው። ካለቀ በኋላ ሰው መጥቶ ካላወጣው በእግሩ የሚመለስበት መንገድ የለውም።"

ሳቂታ "ምነው ሃምሳ አለቃ፣ ዛሬ ደግሞ ሆድዎን ምን ነካው?" ብላ ወሬውን ልትቀይር ሞከረች። ማንም አልሳቀም።

የሚሄዱበት ቀን ጠዋት መኪናዎች መጥተው ከረጢቶቹን ጫኑ። ላባ የእናቱን አዳራሽ በር ቀስ ብሎ ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ። እትዬ ረጋ ገመድ ለይታ ጨርሳ እጥፋት ጀምራለች። መናገር አይቻልም፣ እጅ ማንሣትም አይቻልም፤ እጥፋቱን ከለቀቀችው ከአናቱ ይጀመራል፣ ከረጢቱን የሚጠብቀው መኪና ደግሞ ሞተሩን አስነሥቷል፤ ከዚህኛው ሥር ያለውም የአንድ ሰው ልጅ ነው። አየችው። በአገጯ ወደ ላይ ምልክት ሰጠችው፤ አይዞህ ማለቷ ነው፣ ወይ ሂድ፣ ወይ ቆይ፣ ራሷም አታውቀውም። እሱ ፈገግ አለና መዳፉን አሳያት። ከዚያ ነፋስ እንዳይገባ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ደንቡን ያውቃላ፤ የአጣፊ ልጅ ነው። ከረጢቱን ዘግታ ወደ ውጭ ስትሮጥ የልጆቹ መኪና ሄዷል።

ሁሉም ተከፍቷል የሚለው ወሬ በማግሥቱ መጣ። ሃምሳ አለቃው ራሱ ነው የነገራቸው። "አንድም አልከሸፈም!" አለ፤ ሴቶቹ አጨበጨቡ፣ ሳቂታ እትዬ ረጋን አቅፋ ወዘወዘቻት። እትዬ ረጋም ያን ቀን እንደ ሰው ምሳ በላች።

ቀጥሎ የመጣው ወሬ ግን በቁርጥራጭ ነበር። ታንኮቹ የሚመጡበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ ረግረግ ነው። ፊተኛው ከተመታ ኋለኛው ሁሉ ይቆማል። ቆመዋል። ልጆቹ ድልድዩን ይዘዋል፤ ግን ለጥቂት ቀን ብለው የያዙት ስንቅ እያለቀ ነው። አውሮፕላኖቹ ደግሞ ዝግ ብለው የሚበሩ ትልልቅ ጭነት አመላላሾች ናቸው፤ ዝቅ ሲሉ ይመታሉ፣ ከፍ ሲሉ የሚጥሉት ጭነት የትም ይሄዳል። ይህን ሁሉ እትዬ ረጋ ሰማች። አልተንሰፈሰፈችም፣ አላለቀሰችም። ውስጧ ያለው ነገር ሁሉ ዝም አለ፣ ልክ ገመድ ከተለየ በኋላ እንደሚሆነው።

ለአዳራሹ አዲስ ትእዛዝ መጣ፤ የጭነት ፓራሹት አጥፉ ተባለ። የጭነቱ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ነው፣ ለዱቄትና ለጥይት ሣጥን ነው፣ ማንም ተጠንቅቆ አያጥፈውም። ሃምሳ አለቃው በጠረጴዛዎቹ መሀል እያነከሰ፣ "ቶሎ ቶሎ! የሙሽራ ቀሚስ አይደለም!" እያለ ይዞራል። ሁሉም ፈጠኑ። እትዬ ረጋ ግን እጇ እምቢ አላት። ጥጡንም እንደ ሐር ትለያለች፣ ታለሰልሳለች፣ ትደረድራለች። ሳቂታ "እትዬ፣ ሥሩ ያለው እኮ ዱቄት ነው" ስትላት፣ "ዱቄቱን የሚበላው ማን ነው?" አለቻት። 

አንድ ቀን ሃምሳ አለቃው ፊቱ ጠቁሮ ገባ። ከድልድዩ በሬዲዮ መልእክት ደርሷል። ቁስለኛ በዝቷል። መድኃኒት ተጥሎላቸው ነበር፣ ግን ሣጥኑ መሬት ሲመታ ጠርሙሶቹ በሙሉ ደቅቀዋል። የጭነት ፓራሹት በኃይል ነው የሚያሳርፈው፤ ዱቄት ይችለዋል፣ ጠርሙስ አይችለውም።

እትዬ ረጋ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ቆመች። ዕቃ ቤቱ ጥግ ላይ የተቆለሉ አሮጌ የሰው ፓራሹቶች አሉ። ቀዳዳቸው ተጥፏል፣ ዘመናቸው አልፏል፣ ሰው አይዘልባቸውም ተብሎ ተወስኖባቸዋል። ሐር ናቸው።

"ሃምሳ አለቃ" አለች። "መድኃኒቱን በሰው ፓራሹት ብናወርደውስ? በነዚያ በአሮጌዎቹ። እንደ ሰው ቀስ ብሎ ያርፍ ነበር።"

ሃምሳ አለቃው አፉን ከፍቶ አያት። "እኛ ምን ነክቶን ነው እስካሁን ያላሰብነው?" አለ። ወዲያው ስልክ ሊደውል እያነከሰ ሄደ። ከላይም ፈቀዱ፤ ሌላ ዘዴ የነበረው ሰው አልነበረም።

እነዚያን ፓራሹቶች አብዛኞቹን ያጠፈችው እሷ ናት። እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ በእነዚያ ቀናት ደስ ብሏት ነበር። ሌላው ነገር ሁሉ ከእጇ ውጭ ነው፤ መንገዱ፣ ታንኩ፣ ረግረጉ፣ ጄኔራሉ። ይህ ግን በእጇ ነው። የተጣፈውን እየዳበሰች፣ ገመዱን እየለየች፣ ሣጥኑ እንደ እንቁላል ቀስ ብሎ ልጇ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ በሐሳቧ ታየዋለች። የታሸጉትን ከረጢቶች አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ በመኪና አብራ ሄዳ ሸኘቻቸው። ልጇን ያልሸኘችውን ያህል እነሱን ሸኘች።

ከዚያ ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት ሃምሳ አለቃው ገባና በሩን ሳይዘጋ ቆመ። ነፋስ ገባ። የአምስቱም ጠረጴዛ ሐር ጠርዙ ብድግ ብድግ አለ። "በሩን!" ያለ ሰው ግን አልነበረም፤ ሁሉም ፊቱን ነበር የሚያዩት።

"የድልድዩ ጭነት ይቁም ተብሏል" አለ።

ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ምግብ የሚላከው ለሚበላ ነው። እትዬ ረጋ ሄዳ በሩን ዘጋች። ተመልሳ የጀመረችውን እጥፋት ከአናቱ ጀምራ ጨረሰች፣ ከረጢቱን ዘጋች፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ሳቂታ ታለቅስ ነበር። እትዬ ረጋ "እንባሽ ሐሩ ላይ ይንጠባጠባል፣ ወዲያ በይ" አለቻት፤ የተናገረችው ክፋት ይዟት አይደለም፣ ሌላ የምትለው ስላልመጣላት ነው።

"ጠፍተዋል" ነው የተባለው እንጂ "ሞተዋል" አልተባለም። ጎረቤቶች እየመጡ ሳሎኗ ውስጥ ተቀመጡ፣ አይዞሽ አሉ፣ ተነሥተው ሄዱ። ማልቀስ አቃታት ብለው አሟት። አላቃታትም፤ አልመጣም እንጂ። የልጇን ሸሚዞች አውጥታ አጥፋ መልሳ ታስቀምጣቸዋለች፤ ሳምንት ቆይታ ያልታጠፉ ይመስል እንደገና አውጥታ ታጥፋቸዋለች። ሥራዋንም አልተወችም። አዲስ ሐር መጣ፣ አዳዲስ ልጆች መጡ፣ በሩን ገፍተው ሲገቡ "በሩን!" ትላቸዋለች። ድምፅዋ እንደ ድሮው ነው። ምግብ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትነሣለች። ጣቶቿ ብቻ ነበሩ የሚሠሩት፤ ሌላው አካሏ ሰው የለቀቀው ቤት ነበር የሚመስለው።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እስረኛ ተለዋወጡ። አንድ እሑድ ከሰዓት በሯ ተንኳኳ። ክራንች የተደገፈ፣ ፀጉሩ ያለ ዕድሜው የሸበተ ልጅ ቆሟል።

"የላባ እናት እርስዎ ነዎት? አብሬው ነበርኩ፣ እማማ።"

አስገባችው። ወንበር ሳበችለት፣ ሻይ ቀዳችለት፣ ዳቦ አቀረበችለት። ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፋለት ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ልጁ ሻዩን ማማሰል ጀመረና ማቆም አቃተው።

"አወራረዳችን ጥሩ ነበር" አለ። "ድልድዩንም ያዝን። ታንኮቹ ይመጣሉ ተብሎ የለ፣ ጆሯችንን ወደ መንገዱ ጥለን ጠበቅን። አንዳንዴ መድፋቸው ከሩቅ ይሰማን ነበር፤ ደረሱ ደረሱ እንላለን። ከዚያ ድምፁም ጠፋ። ላባ ጭኑን ተመታ። ቁስሉ ከባድ አልነበረም እኮ፣ እማማ፤ መድኃኒት ቢገኝ ኖሮ … አንድ ምድር ቤት ውስጥ አስተኛነው። ማመርቀዝ ጀመረ።"

"መድኃኒት አልመጣም?" አለች።

"የመጀመሪያው ተሰባብሮ መጣ። ሁለተኛው ጊዜ ግን …" ልጁ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ሁለተኛው ጊዜ በሰው ፓራሹት አወረዱት። እንዴት እንደሚያምር ቢያዩት! ነጭ በነጭ ሆነው ሰማዩን ሞሉት። ላባን ተሸክመን ደጅ አወጣነው፣ ይይ ብለን። እየሳቀ ነበር። 'የእናቴ እጅ ነው!' ብሎ ጮኸ፣ እንደ ልማዱ። እኛም ሳቅን። እጃችንን ዘርግተን ጠበቅናቸው። እነሱ ግን አይወርዱም፣ ቀስ ብለው ይንሳፈፋሉ። ሣጥኑ ቀላል ነዋ፣ የሰው ክብደት የለው። ነፋሱ ይዟቸው በላያችን አልፎ፣ ወንዙን አሻግሮ፣ ጠላት ሰፈር ወሰዳቸው። አንድም ሳይቀር። ማዶ ሆነው ሲሰበስቡ እናያቸዋለን። ላባ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።"

የሽንኩርቱ ማሳ ትዝ አላት። ጭቃ በጭቃ ሆኖ የመጣባት ልጇ፣ የሳቀችው ሳቅ፣ ኪስህ ውስጥ ድንጋይ ጨምር ያለችው ሁሉ መጣ። ታውቅ ነበር። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ አዳራሹ በሙሉ ስቆበታል። ግን ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው ሲያጥፉ ነፋስ የሚባል ነገር እንዳለ ለማንም ትዝ አላለውም።

"ሁሉም ተከፍተው ነበር?" አለች።

"ሁሉም። አንድም ያልተከፈተ አልነበረም።" ልጁ ራሱን ነቀነቀ። "እስር ቤት ውስጥ ሁልጊዜ አስብ ነበር፤ ያን ነገር ማን አሰበው እያልኩ።"

"እኔ ነኝ" አለች እትዬ ረጋ።

ልጁ ቀና ብሎ አያት።

"እኔ ነኝ ያሰብኩት። አብዛኞቹንም ያጠፍኩት እኔ ነኝ።"

 ልጁ ለራሱ የሚናገር ያህል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ላባ እውነቱን ነበራ" አለ። "ሁልጊዜ ሲቀልድ ነበር። ያን ቀን ግን እውነቱን ነበር።"

ይህን ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እትዬ ረጋ ተነሥታ አጠገቡ ቆመች። የሷ ዐይን ደረቅ ነው። ሰፊ መዳፏን ጀርባው ላይ አሳረፈች፤ የሸሚዙን ጭምድድ እየዳበሰች ወደ ታች ታስተካክላለች፣ ታስተካክላለች።

"ረጋ በል፣ ልጄ" አለችው። "ረጋ።"

ሻዩ ቀዝቅዞ ስለነበር ብርጭቆውን ወስዳ ሌላ ልትቀዳለት ወደ ማድ ቤት ገባች።